ጥቂት ብቻ የተሠራች መኪና

ዋጋ የሚሉት ነገር ደፋር ነው። ሻጭ ዓይኑን ሳያሽ ይጠራዋል፤ ገዢ ደግሞ ልቡ እየፈለገ በአፉ ያጣጥላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሽሮ ሜዳ ፈትል ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝና ይህን ጨዋታ ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። አንድ ዕቃ ዋጋው ይገባዋል አይገባውም ብሎ ለመለየት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ እኔም አልገባሁም። ሰው የማይገዛውን ነገር ለምን ቆሞ እንደሚያይ ግን፣ ይኸው ሸምግዬም አጥርቼ አላወቅሁትም።

ነገሩን ያነሳችብኝ የልጅ ልጄ ማርታ ናት። ባለፈው እሑድ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ቀይ መኪና ነው። ሲፈጥን እንደ ጥይት ነው አለች፤ በዓለም ላይ ጥቂት ብቻ ነው የተሠራው አለች፤ ዋጋውንም ነገረችኝ። ደግመሽ ንገሪኝ አልኳት፤ መጀመሪያ የሰው ስልክ ቁጥር የነገረችኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እየሳቀች፣ "እቴቴ፣ አንቺ ብትሆኚ ዋጋው ይገባዋል ትያለሽ?" አለችኝ። እሷ ለጨዋታ ነው የጠየቀችው። የእኔ ልብ ግን ብድግ ብሎ ፒያሳ ወረደ። መልሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ ብዬ ለእሷ ያወራሁትን ነው አሁን ለእናንተ የማወራው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ባለቤቴ ተካ የዱቄት ፋብሪካ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ያቺን መኪና የምታስታውሱ የጉለሌ ሰዎች ካላችሁ ይቅር በሏት። የቀጨኔን ዳገት ስትወጣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ቀድሟት ላይ ይደርስና ዞር ብሎ ያዝንላት ነበር። ተካ ደግሞ ፍጥነት ነፍሱ ነው። ፈጣሪ ፍጥነት የሚወድ ሰው ሠርቶ ዱቄት መኪና ላይ ሲያስቀምጠው ምን አስቦ እንደነበር አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ፤ የምንገናኝበትም ጊዜ ሩቅ አይደለም።

ታዲያ አንዲት ጎረቤቴ መጥታ፣ ባልሽን ፒያሳ አንድ ሱቅ መስታወት ፊት ቆሞ አየሁት፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ነው የሚመስለው አለችኝ። ደግሞ በሌላው ቅዳሜም አየችው። ሴት ይዟል ብዬ ጠረጠርኩ። ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሴትማ ፀጉሯ ይያዛል። ይቺ ግን መኪና ናት።

ሱቁ ከአብዮቱ በፊት የሀብታም መኪና የሚሸጥበት ቤት ነበር፤ ኋላ መንግሥት ወረሰው። አንድ የመኳንንት ልጅ ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ከጣሊያን አገር አዝዞ ኖሯል። መኪናዋ ስትገባ እሱ ከአገር ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ይግዛት? ገንዘብ ያለው ሰው የለኝም ብሎ በሚምልበት ዘመን እንዲህ ባለች መኪና ማን ደፍሮ ይታያል? ከዘመኑ ጋር የሚስማማው ቀለሟ ብቻ ነበር። እናም ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ መስታወት ውስጥ እንደ ሙሽራ ተቀምጣ ቀረች። ሙሽራው ጠፍቶ።

ተካን ማታ እራት ላይ አየዋለሁ። እጁ ከትሪው ነው፤ ቀኝ እግሩ ግን ወለሉን ጫን፣ ለቀቅ ያደርጋል። ሰውዬው ወጥ እየበላ ማርሽ ይቀይራል! አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ምን ፈልገህ ነው አልኩት። ካፈረ በኋላ ነው የመለሰልኝ። መግዛትማ በሕልሜም የለም አለ። ከዚያ እጁን እያየ፣ "አንድ ጊዜ ብቻ መሪዋን ይዤ፣ አንቺን ጎኔ አስቀምጬ ብሄድ ይበቃኝ ነበር" አለኝ።

ይህን ሲል ለምን እንዳልሳቅሁበት ልንገራችሁ። ፋብሪካው በዱቄት መኪና ላይ ሰው መጫን ይከለክላል፤ ሚስት ደግሞ ሰው ናት። ስለዚህ የሹፌር ሚስት ሆኜ ልጆች ወልጄ ሳሳድግ፣ ተካ ሲነዳ አንድ ቀን እንኳ ጎኑ ተቀምጬ አላውቅም። እሱ በመኪና፣ እኔ በአውቶቡስ። አንዳንዴ መንገድ ላይ እንተላለፍና ጥሩምባ ያሰማኝ ነበር። ትዳራችን እንዲህ ነበር፣ ጥሩምባ ያለው ትዳር።

ያን ሰሞን ቀበሌ መሠረተ ትምህርት ጀምሬ ፊደል መለየት ችዬ ነበር። አዲስ አንባቢ እንዴት እንደሚያደርገው ታውቁ የለ? የሱቅ ስም፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የግድግዳ መፈክር፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። እናም አንድ ቀን ለባሌ ሳልነግር ጣውንቴን ላይ ፒያሳ ወረድኩ። መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ፊደል በፊደል እየያዝኩ አነበብኩት፦ "ጥቂት ብቻ የተሠራ። ዋጋው አይቀነስም።"

ሁለተኛውን ማንኛውም ነጋዴ የሚለው ነውና አለፍኩት። የመጀመሪያው ግን ደስ አሰኘኝ። እውነተኞች ናቸው አልኩ፤ ጉድለቱን ራሳቸው ጽፈው ለጠፉት! ገብቼ ብዞራት ደግሞ ወረቀቱ ልክ ነው። የኋላ በር የላትም። የኋላ ወንበር የላትም። ጣራ የላትም፤ ጣራ መሆን በነበረበት ቦታ እንደ ነጠላ የታጠፈ ጨርቅ አለ። ከፍታዋም መሬት ለመሳም የጎነበሰ ሰው ያህል ነው። ጀምረዋት ብረት አልቆባቸዋል ማለት ነው።

ሻጩ ጓድ መስፍን ይባላል። ጓድና መስፍን በአንድ ሰው ላይ ተስማምተው ያየሁት እዚያ ሱቅ ብቻ ነው። ቀጭን፣ ክራቫቱን ያልፈታ፣ ሰው ሲገባበት የሚደነግጥ ሰውዬ። ዋጋዋን ብጠይቀው ነገረኝ። ከነሕንፃው ነው ወይ አልኩት። የመኪናዋ ብቻ ነው አለ።

"እንግዲያው ለተሠራው ያህል ልክፈል" አልኩት። "ቀሪውን መቼ ነው የሚጨርሱት?"

"የቱን ቀሪ፣ እትዬ?"

ወረቀቱን አሳየሁት። እኔ እንኳ ያነበብኩትን እሱ የለጠፈው ሰውዬ እንዴት አያውቅም? ጓድ መስፍን ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ መኪናዋን ተደግፎ መሳቅ ጀመረ። በስንት ጊዜው እንደሆነ እንጃ፤ ሳቁ ራሱ ዝጓል፣ እያቋረጠ ነበር የሚወጣው። ኋላ ዕንባውን ጠርጎ በአክብሮት አስረዳኝ። ጥቂት የተባለው ቁጥሯ ነው። በዓለም ላይ እንደሷ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የተወደደችውም ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የምሸነፍ መሰለው። እኔ የሸማኔ ሰፈር ሰው ነኝ አልኩት። ሽሮ ሜዳ አንድ ጥለት ገበያው ከወደደው ሸማኔው እጁ እስኪዝል ይሠራዋል። ጥቂት ሠርቶ የተወው እንደሆነ ገዢ ስላጣ ነው። ጥሩ ከሆነች ለምን ጥቂት ሠሩ? መጥፎ ከሆነች ለምን ተወደደች? ይኼው ስንት ዓመት ቆማ የለ እንዴ! ጓድ መስፍን፣ ነገሬን ለጣሊያኖቹ የሚያደርስ ሰው ካገኘ እንደሚልክላቸው ቃል ገባና ማን እንደላከኝ ጠየቀኝ። ማንም አልላከኝም፤ ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ መስታወት ፊት የሚቆመው ረጅሙ ሰውዬ ነው አልኩት።

ሳቁ ቆመ። "እሱ ነው እንዴ?" አለ። "ዓርብ ዓርብ መስታወቱን የምወለውለው ለእሱ ስል እኮ ነው። ሌላ የሚያያት የለም።"

እንግዲህ ያንን ከሰማሁ በኋላ ማጣጣል አቃተኝ። ዋጋም ሳላስቀንስ ወጣሁ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው እንዲህ ያደረግሁት።

ጥቂት ወራት አለፉና ያ ቤት የኅብረት ሱቅ ይሁን ተባለ። ስኳርና ሳሙና ይገባበታል፣ ቀይዋ ትውጣ፣ ጉለሌ ያለው የመንግሥት መጋዘን ትግባ። በምን ትግባ? ባትሪዋ ሞቷል። ነዳጅ በኩፖን ነው፤ ሱቁ ደግሞ ኩፖን የለውም። መጎተት አለባት። ጓድ መስፍን ከዚያ ሁሉ የአዲስ አበባ ሹፌር ማንን እንዳስጠራ እነግራችኋለሁ ወይ? ተካ ፋብሪካውን አስፈቅዶ የዱቄት መኪናውን አመጣ። የዱቄት መኪናውን ጓደኛው በቀለ ይነዳል፤ የቀይዋን መሪ ተካ ይይዛል። ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነው።

እኔ ሽሮ ሜዳ ፈትሌን ዘርግቼ ሳለሁ እያለከለከ መጣ። በሩጫ ነው የመጣው፣ ሹፌሩ ሰውዬ! ተነሺ አለኝ፤ ደህናውን ነጠላሽን ልበሺ።

እንዲህ ሆኖ በዓለም ላይ ከሚፈጥኑት መኪኖች አንዷ ጉለሌ ውስጥ በቀርፋፋነቷ ከምትታወቀዋ ኋላ በገመድ ታስራ ከፒያሳ ጉዞ ጀመረች። ያቺ የፊተኛዋ በተናጠች ቁጥር ዱቄት ታራግፍብናለች። ጣራ የለንማ! ቀጨኔ መታጠፊያ ስንደርስ ቅንድባችን ነጥቷል። ሰው ሥራውን ትቶ ያየናል። ሰልፍ ላይ የቆመች አንዲት የማውቃት ሴት፣ "አስካለ፣ ሠርግ ነው ለቅሶ?" ብላ ጮኸችብኝ። ተካ ቀድሞኝ፣ "ሠርግ ነው፤ ትንሽ ስለዘገየ ነው" አላት። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፤ መሪውን ግን ገመዱ ነበር የሚመራው። እሱም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። በጎን ሰርቄ ሳየው ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ሙሉ አልነበረም፤ ውኃ ቀርቦለት አፉ የተያዘ ሰው ይመስል ነበር።

ዳገቱ አናት ላይ የዱቄት መኪናዋ ጋለችና ቆመች። በቀለ ጄሪካኑን ይዞ ውኃ ፍለጋ ሄደ። ከዚያ ወዲያ እስከ መጋዘኑ ደጅ ድረስ መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ባዶ። ተካ መንገዱን አየ። ገመዱን አየ።

"አስኩ።"

"እ።"

"ፍሬኗ ደህና ነው ብሎኛል መስፍን።"

"ማን ጠየቀህ?"

"ገመዱን ልፍታው?"

እኔ አውቶቡስ ሲፈጥን አቡነ ዘበሰማያት የምደግም ሴት ነኝ። ግን መሪው ላይ ያሉትን እጆቹን አየኋቸው። ነጭ ናቸው፣ መሪውን የሙጥኝ ብለዋል። "ፍታው እንጂ" አልኩት፤ "ዱቄት ውስጥ ተቀብረን ልንሞት ነው?"

ወርዶ ፈታው። ከዱቄት መኪናዋ ጎን እንድታልፍ መሪዋን ጠምዝዞ፣ በእግሩ ገፋ አደረጋትና ዘሎ ገባ። መጀመሪያ ቀስ አለች። ከዚያ... እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሞተር የለ፣ ድምፅ የለ፣ ነፋስ ብቻ። ዱቄቱ ከላያችን እየተነሣ እንደ ጉም ወደ ኋላ ሄደ። ነጠላዬም ተከተለው። የደህና ቀን ነጠላዬ ነበር፤ ዞሬም አላየሁት። ተካ ይስቃል። መሪውን ትንሽ ነካ ሲያደርገው ትሰማዋለች፤ ደግሞ ነካ ያደርገዋል። አንድ ጊዜ ወደኔ ዞር አለ፤ ያን መስታወት ሲያይ እንዴት ያይ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እኔንም እንደዚያ አየኝ። ከዚያ መጋዘኑ ደጅ መጣ። ቁልቁለቱ አጭር ነበር፤ አሁንም ድረስ ማዘጋጃ ቤቱን የምቀየመው በዚህ ነው።

የመጋዘኑ ኃላፊ ቁልፉን እያንሿሿ ወጣ። ልክ እንደኔ ዞራት። ጣራ ፈለገ፣ የኋላ በር ፈለገ፣ የኋላ ወንበር ፈለገ። ከዚያ ተካን ኮስተር ብሎ፣ "ቀሪውስ የት አለ?" አለው።

ሰማኸው ወይ ልለው ወደ ተካ ብዞር፣ ነጭ ጣቱን ወደኔ ቀስሯል።

"ይኸውና" አለው።

መኪናዋ እዚያው ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንደወሰዳት አላውቅም። ተካም ዳግመኛ ፒያሳ መስታወት ፊት አልቆመም፤ እግሩም እራት ላይ አረፈ። ያቺ አንዲት ቃል ብቻ ቤታችን ቀረች። ስናኮርፍም፣ ልጅ ስንድርም፣ ዝናብ ይዞን ስንቆምም፣ "አስኩ፣ ገመዱን ልፍታው?" ይለኛል፤ ፍታው እለዋለሁ። ታሞ በተኛ ጊዜም አንድ ቀን ጠየቀኝ። ያን ቀን ግን ቆይ አልኩት። ተካ መቼም ፍጥነት ይወዳል፤ አልቆየም። አሁን ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው ያለው፣ ከቁልቁለቱ በላይ።

ማርታ አፍንጫዋን ስባ ስልኳን መልሳ ከፈተችው። ታዲያ ዋጋው ይገባዋል ወይስ አይገባውም፣ ቁርጡን ንገሪኝ አለች። መነጽሬን አደረግሁና አየሁት። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ጣራ የለ። ምንም አልተማሩም።

"ሹፌሩ አብሮ ነው የሚሸጠው?" አልኳት።

"ሹፌር የለውም፣ እቴቴ። የገዛው ሰው ራሱ ነው የሚነዳው።"

"እንግዲያው ይቀንሱ በያቸው" አልኳት። "ገና ጥቂት ነው የተሠራው።"