አልማዝ ያሸነፈቻት አንዲት ጌም

ቴኒስ የሀብታም ጨዋታ ነው የሚሉ ሰዎች ጎባን አያውቁም። እኛ ሰፈር የቴኒስ ሜዳ ነበር። አባባን ከጠየቃችኋቸው ቅድመ አያቶቻችን ከሰሜን መጥተው ጎባ የሰፈሩት ለዚሁ ሜዳ ሲሉ ይመስላችኋል። መስመሩ ኖራ፣ መረቡ በሲባጎ የተጠጋገነ፣ ግን የቴኒስ ሜዳ።

ታናሽ እህቴ አልማዝ ያደገችው እዚያ ነው። ተጋጣሚዋ ደግሞ እኔ። ስለ ችሎታዬ ብዙ ባላወራ ይሻላል። በጭፍን ስለምመታው ኳሱ አጥር ዘሎ ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ጎመን ውስጥ ያርፋል። እሳቸውም ሳይሰለቹ ይመልሱልኛል። የኛ ደጋ አየሩ ስስ ነው፤ ኳስ ትንሽ ከነኩት ይበራል። አልማዝ ይህን አውቃ ለስለስ አድርጋ መምታት ለመደች።

በኋላ አዲስ አበባ ላይ ተጫዋች ሲመረጥ ተሳካላትና ብዙ አገሮች በየስፖርቱ ወደሚገናኙበት ትልቅ ውድድር ሄደች። በሴቶች ነጠላ ቴኒስ። ከተማው ባሕር ጠረፍ ነው፤ ሙቀት።

አባባ ሬዲዮ ታቅፈው ተቀመጡ። ሬዲዮው ስለ ሩጫ ያወራል፣ አሁንም ስለ ሩጫ ያወራል። በሦስተኛው ቀን በዜናው ጭራ ላይ፣ በሴቶች ነጠላ ቴኒስ አልማዝ ወደ ሁለተኛው ዙር ማለፏን ተናገረ። አለቀ። አባባ ሙክት አረዱ። አዴ ፋጡማም ለሙስሊም ጎረቤቶች ብለው ሌላ በግ አሳረዱ። ሰፈሩ ሁሉ ጠገበ።

በማግስቱ አልማዝ ደወለችልኝ።

«የመጀመሪያዋ ልጅ ሆዷን አሟት ቀረች» አለችኝ። «ራኬቴን እንኳ ከቦርሳ አላወጣሁም።»

«የዛሬዋስ?»

«የዛሬዋ ደህና ናት። ስድስት ለዜሮ፣ ስድስት ለአንድ ረታችኝ። እዚህ ኳሱ አይበርም፤ እንደለመድኩት ስመታው መረብ ላይ ይቀራል። ለአባባ እኔው ነኝ የምነግራቸው፤ አንተ ዝም በል።»

ዝም አልኩ። ቀላል መሰላችሁ? አባባ እኮ አናጢ ጠርተው የዋንጫ መደርደሪያ እያሠሩ ነበር።

የመምጫዋ ቀን አባባ የፈረስ ጋሪ በአበባ አስጊጠው፣ ጎረቤቱን አስከትለው ሮቤ መናኸሪያ ድረስ ሄዱ። አልማዝ ከአውቶቡስ ወርዳ ጋሪውን ስታይ ፊቷ ቀላ። እንደምትመለስ ሁሉ ወደ አውቶቡሱ ዞር አለች። ከዚያ ጋሪው ላይ ወጥታ ቆመችና አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ሆዷን ያመማትን ልጅ፣ ስድስት ለዜሮውን፣ ስድስት ለአንዱን።

አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ማየት ጀመሩ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ቀድመው የተናገሩት አዴ ፋጡማ ናቸው። «እንግዲህ ያቺን አንዷን ጌም እንዴት አገኘሻት?» ብለው ጠየቁ።

አልማዝ ትንሽ አሰበች። «ተናደድኩ፣ አዴ። ለስለሱን ተውኩና እንደ ወንድሜ በጭፍን መታሁት። አራት ጊዜ መታሁ፤ አራቱም መስመር ላይ አረፉ። አራት ነጥብ አንድ ጌም ነው።»

ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ። በሕይወቴ በስፖርት የተከበርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከሮቤ እስከ ጎባ ያቺን አንዲት ጌም ደጋግመው አስተረኳት፤ ጎባ ስንገባ አልማዝም እየሳቀች ነበር።

እውነት የተናገረ ይከበራል ብዬ ላበቃላችሁ ነበር። ግን በሳምንቱ አባባ ከደሎ መና ለመጣ እንግዳ ሲያወሩ ደረስን።

«ሁለት ገጠመች» ይላሉ። «አንደኛዋ ፈርታ ሳትመጣ ቀረች። ሁለተኛዋ በስንት መከራ አመለጠቻት።»

አልማዝ ልታርማቸው አፏን ስትከፍት አዴ ፋጡማ ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«ተያቸው» አሏት። «አባትሽም ይጫወቱ እንጂ።»