አያ ካሣ ያልለቀቋት እንግዳ

ሰው ከገባ በቀላሉ የማይወጣባቸው ሁለት ቤቶች አሉ፤ አንዱ እስር ቤት ነው፣ ሁለተኛው እንግዳ የሚወድ ሰው ቤት። እስር ቤቱስ ቢሆን የመፈቻ ቀን አለው። እንግዳ ወዳዱ ግን አንዴ “በሞቴ” ካለ ይግባኝ የለም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ደግሞ ገና አልተቆረቆረም።

ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ወረድ ብሎ ባለው የሐበሾች ሰፈር ይህ ሹመት የአያ ካሣ ነበር። አያ ካሣ በድርቁ ዘመን በመተማ በኩል ተሻግረው እዚያው የቀሩ ገበሬ ናቸው። የቸኮለ ሰው በደጃቸው አያልፍም። ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ አንድ የጎንደር ጎረምሳ ውሃ ልጠጣ ብሎ ገብቶ፣ አጨዳው ሲያልቅ ወጣ ይባላል። መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሽማግሌም በልቶ ጠጥቶ፣ ተመርቆ፣ መርዶውን ሳይናገር ወደ አገሩ ተመልሷል። እስላም እንግዳ ሲመጣ ዶሮዋ በእስላም እጅ እንድትታረድ ጎረቤታቸውን ሁዜይፋን ከእርሻ ድረስ ያስጠሩታል።

ከሱዳኖች ብዙ ነገር አልለመዱም፤ አንድ መሐላ ግን ወደው ወሰዱ። “አለይ አጠላግ!” ይላሉ እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው። ካልበላችሁልኝ ሚስቴን ፈትቻለሁ ማለት ነው። ሚስታቸው ወርቅውሃ በዚህ ስትማረር፣ “በቁርባን የታሰርሁትን ሴትዮ ፉል እየፈታኝ ተቸገርሁ!” ትላለች።

ሞባይል ኔትወርክ ፍለጋ ዛፍ ላይ ተወጥቶ በሚደወልበት በዚያ ዘመን፣ ውባየሁን እንቅልፍ የነሱት እኒሁ አያ ካሣ ነበሩ። ውባየሁ የሰፈሩ የገበሬዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። መንግሥት አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ እንዳያልቅ ብሎ ለትራክተር ኪራይና ሙጫ ለሚሰጠው የሀሻብ ዛፍ ችግኝ ድጋፍ አድርጎ፣ የሰፈሩ ግማሽ በማሳው ሦስት ጎን ውሃ የሚይዝ የአፈር ክትር ሠርቷል። የአገሩ ሰው ተረስ ይለዋል። በሕጉ መሠረትም ከማሳው አንድ አሥረኛውን ዛፍ ተክሎበታል። ለቀረው ግማሽ ድጋፉ የሚቀጥለው ግን መርማሪ መጥታ ክትሩ ውሃ መያዙን በዓይኗ ካየች ነው። የውባየሁ ማሳ ከቀረው ግማሽ ውስጥ ናት፤ በየክረምቱ አፈሯ ተጠርጎ ወንዝ ሲገባ ቆሞ ያያል።

መርማሪዋ፣ ሰው በክብር ኡስታዛ የሚላት ኢንቲሳር፣ ደግሞ በምትመረምርበት ቦታ ውሃ እንኳ አትጠጣም። አንድ ሰፈር በግ ቢያርዱላት፣ “ይህ ጉቦ ነው” ብላ መኪናዋን አዙራ ተመልሳለች። ውባየሁ ይህን ሲሰማ በቀጥታ ወደ አያ ካሣ ሄደ።

“አያ ካሣ፣ ነገን ብቻ ደጅዎን ይዝጉልኝ።”

“እንግዳ መጥቶ ደጅ መዝጋት? ሰው ምን ይለኛል?”

“የላከኝ እኮ ያው ሰው ነው!”

በማግስቱ ኢንቲሳር መጣች። ዝናቡ በዚያ ዓመት ዘግይቶ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር። ከክትር ክትር በእግሯ ሄደች፣ ችግኞቹን ዳሰሰች፣ በመጨረሻም ቆመች።

“ሥራችሁ ጥሩ ነው” አለች በዓረብኛ። “ውሃ ግን አላየሁም። ያላየሁትን አልጽፍም።”

ሪፖርቱ በዚያው ሳምንት ይገባል፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ያ ጥቁር አፈር መኪና አያሳልፍም፣ ተመልሳ አትመጣም። ውባየሁ አንገቱን ደፍቶ ሊሸኛት ከመኪናዋ የኋላ ወንበር ተቀመጠ፤ ሹፌሯም ሞተሩን አስነሣ። መኪናው ከሰፈሩ ሊወጣ ሲል አያ ካሣ እጃቸውን ዘርግተው መንገዱ መሐል ቆመዋል።

“ተፈደሊ፣ ግቢ ልጄ! ምሳ ደርሷል።”

“ይቅርታ ያ ዐም፣ አጎቴ፣ ሕጉ አይፈቅድልኝም።”

“አለይ አጠላግ!”

ውባየሁ ዓይኑን ጨፈነ። ሹፌሩ ግን ሱዳናዊ ነውና መሐላውን ሲሰማ ሞተሩን አጠፋ። ኢንቲሳር ወደ ጎጆው ተመለከተች። ወርቅውሃ ደጃፉ ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና አቀርቅራለች። ሳቋን ነበር የምትሸፍነው፤ ለማያውቃት ግን ትዳሯ የፈረሰ ምስኪን ትመስላለች።

“የሰው ቤት ላፈርስ አልመጣሁም” ብላ ኢንቲሳር ወረደች። “አንድ ጉርሻ ብቻ።”

“አንድ ጉርሻማ ያጣላል!” አሉ አያ ካሣ።

ሁለተኛው ሳህን ሲቀርብ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ እስኪመሽ አላቆመም። ሹፌሩ በበሩ አጮልቆ ጭቃውን አየና፣ እንደገና ሊበላ እጁን ታጠበ። እንግዶቹ እዚያው አደሩ።

ጧት ኢንቲሳር ቀሚሷን ሰብስባ በባዶ እግሯ ከውባየሁ ጋር ወረደች። ክትር በሌላት በእሱ ማሳ ላይ ጎርፉ ቦይ ቀዶ አልፏል፤ አፈሩ የለም። ከክትሮቹ ውስጥ ግን ውሃው እስከ ቅልጥም ተኝቷል፣ የሀሻቦቹ አናት ብቻ ብቅ ብቅ ብሏል።

“አየሁ” አለች። “ያየሁትን እጽፋለሁ። መብላቴንም እጽፋለሁ፤ ሴትዮዋ እንዳትፈታ ብዬ ነው የበላሁት።”

ውባየሁ ጭቃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ኩንታል ሰሊጥ ከትከሻው የወረደለት ያህል ቀለለው፤ ደስ ብሎት ሲስቅ ዓይኑ እንባ ሞላ።

ሁለት ቀን ፀሐይ ወጥቶ መሬቱ ጠንከር ማለት ሲጀምር፣ አያ ካሣ መርማሪዋን እንዴት አድርገው እንደሚያስቀሯት ለማየት ሰፈሩ ሁሉ ደጃቸው ተሰበሰበ። አያ ካሣ ግን ቁርስ እንኳ አላነሱም። ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ጎማው ገና ጭቃ ውስጥ ከነበረው መኪና ኋላ ገብተው መግፋት ጀመሩ።

“ምነው አያ ካሣ፣ እንግዳ ያባርራሉ እንዴ?” አለ ውባየሁ።

“ዝም ብለህ ግፋ! ደመናውን አታየውም? ይቺ ልጅ ዛሬም ጭቃ ከያዛት ሪፖርቱን ማን ያደርስልሃል? እኔ ክትሬን ሠርቻለሁ፤ የቀረችው ያንተ ማሳ ናት።”

ውባየሁ ከአያ ካሣ ትከሻ አጠገብ ትከሻውን አስገብቶ ገፋ።