ጋሼ ቀስ በቀስ በቁሙ መቃብር የገዛበት ዘመቻ

በዘመነ ጡረታ፣ መሪ ከእጁ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ክቡር ወኃያል፣ መራሔ ፍኖት፣ ጸዋሬ ሕዝብ፣ የከተማውን አውቶቡስ ዕድሜውን ሙሉ ነድቶ አንዲት ዶሮ እንኳ ያልገጨ ጋሼ ቀስ በቀስ፣ በሰፈራችን ማንም ያላሰበውን አሰበ፤ በእግሩ ቆሞ፣ በገዛ ጥርሱ እየበላ፣ ለራሱ መቃብር ሊገዛ ቆረጠ። ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ለምስጋና፣ ሥራ የረፈደባቸው ግን ለሌላ ነገር።

ይህን ዜና መዋዕል የምጽፈው እኔ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነኝ፤ በዘመቻው ሁሉ የውሃ ማጠጫ ተሸክሜ የተከተልሁት፣ በአንድ ወገን የእሱ ጭፍራ በሌላ ወገን የእትዬ ዜጋ በመሆኔም የሁለቱንም ቁጣ የቀመስሁ።

የዘመቻው ምክንያት እንዲህ ነበረ። አብሮት ይሠራ የነበረ መካኒክ በድንገት ባረፈ ጊዜ፣ ልጆቹ እንባቸውን ሳይጠርጉ ቦታ ፍለጋ ማዘጋጃ ቤት ለማዘጋጃ ቤት ሲንከራተቱ ውለው፣ በመጨረሻ ያገኙት ከአጥሩ ጥግ፣ የደረቀ አበባና የተሰበረ ማስቀመጫ ከሚጣልበት ክምር አጠገብ ነበረ። ጋሼ ቀስ በቀስ ከቀብሩ ሲመለስ ከቤቱ ደጃፍ ቆመና የመጀመሪያውን አዋጅ አወጀ፦

«ይሄ ነገር ቀደም ብሎ መታሰብ አለበት። ነገ መቃብር እገዛለሁ። ሁለት ሰው የሚይዝ።»

አዋጁን ከሁሉ አስቀድማ የሰማች እትዬ ናት፤ እትዬ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የማድ ቤቱም የሳሎኑም ገዥ፣ ወልካፋ ስፌት በሩቅ የምትለይ። በዚያ ሰዓት የሰው ቀሚስ እያጠበበች፣ ጥርሷ መካከል ስፒሎች ይዛ ነበረ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካችና መልሳ አወጀች፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እኔ በቁሜ መቃብሬን ሄጄ አላይም። ሟርት ከቤቴ ይውጣ! አንተ ከፈለግህ ሂድና እዚያው ተኛ፤ እራት ሲደርስ ግን አስጠራሃለሁ፣ መጥተህ ትበላለህ።»

ጋሼ ቀስ በቀስ በጎኗ አልፎ ገባ። በሥራ ዘመኑም ከፊቱ መንገድ ሲዘጋ ጥሩምባ መንፋት አይወድም ነበርና።

ወእምዝ፣ በማግስቱ ማለዳ፣ የሹፌርነት ኮቱን ለብሶ፣ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆልፎ ዘመተ። የተከተሉትም ጭፍሮች እነዚህ ናቸው፦ አንደኛ፣ በአውቶቡሱ ዕድሜውን ሙሉ ትኬት የቆረጠለት፣ ድምፁ ከኋላ ወንበር የተኛን የሚያስነሳ ትኬት ቆራጩ፤ ከእሱ ቀጥሎ እኔ፤ ከእኔ ቀጥሎ ማንም የለም። ትኬት ቆራጩ ምክር እንጂ ሌላ ነገር አልያዘም ነበር፤ ምክሩ ግን ለሠራዊት የሚበቃ ነበረ።

በማዘጋጃ ቤቱ የመካነ መቃብር ክፍል፣ ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ወንበሮቹ እንዳይሰረቁ እርስ በርሳቸው ታስረዋል። ከመስተዋት ጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛ ቀና ሳትል ጠየቀችው፦

«ሟቹ ማን ናቸው?»

«እኔ ነኝ» አላት ጋሼ ቀስ በቀስ ባርኔጣውን አውልቆ።

ያን ጊዜ ቀና አለች። «መቼ ነው ያረፉት?»

«ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዐርፌአለሁ፣ ልጄ።»

ልጅቱ እየሳቀች አለቃዋን ጠራች። የወጣውም፣ ስሙን የሰማ ሁሉ የሚንቀጠቀጥለት፣ ሰው ሁሉ ቀይ ቀለም የሚለው የመካነ መቃብሩ ተቆጣጣሪ ነበረ፤ ቀጭን፣ ጢሙን አሳምሮ የተላጨ፣ ጣቶቹ ላይ የማይለቅ ቀለም ያለበት። እርሱም እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ለቆመ ሰውም ቦታ እንሸጣለን። ግን ቦታ የያዘ ይንከባከባል። ክረምቱ ሲወጣ እዞራለሁ። አረም የዋጠው ቦታ ካየሁ የድንበር ድንጋዩን ቀይ እቀባለሁ፤ ቀይ የተቀባ ለሌላ ይሰጣል። ዘመድ አይላኩብኝ፣ ሽማግሌ አይላኩብኝ፣ አልሰማም።»

ወእምዝ፣ ጋሼ ቀስ በቀስ ምድሪቱን ሊመርጥ በመቃብሮቹ መካከል ተመላለሰ። ረባዳውን ውሃ ይተኛበታል ብሎ ናቀው፤ የበሩን አጠገብ ጫጫታ አለው ብሎ ተወው። በመጨረሻ ከሰሜኑ ግንብ አጠገብ፣ ቅርንጫፉ እንደ ዣንጥላ የተዘረጋ ትልቅ ዛፍ አገኘ፤ ከሥሩም ሁለት ሰው የሚያስተኛ መሬት። በግምት መግዛት አይወድምና ጥላው ውስጥ በጀርባው ተጋደመ፤ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኔና ትኬት ቆራጩ በግራና በቀኝ ቆመን ስንጠብቀው፣ አበባ የያዙ አንዲት አሮጊት በዚያ ሲያልፉ አዘኑልንና «ፈጣሪ ያጽናችሁ፣ ልጆቼ» አሉን።

«አሜን፣ እናቴ» አላቸው ጋሼ ቀስ በቀስ ከተጋደመበት።

አሮጊቷ አበባቸውን ጥለው በዕድሜያቸው የማይጠበቅ ሩጫ ሮጡ። ጋሼ ቀስ በቀስ ተነሥቶ፣ ልብሱን አራግፎ፣ አበባውን ይዞ እስከ በሩ ተከተላቸው፤ ባይከተላቸው ግን ይሻል ነበር።

እንዲህ ሆኖ ምድሪቱ ተገዛች። የከፈለውን አልጽፍም፤ እትዬ ታነባለች።

ዝናሙ ሲጀምር የመጠበቁ ዘመቻ ተጀመረ። ጋሼ ቀስ በቀስ አረሙን ነቀለ፣ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደረ፣ ጽጌረዳ ተከለ፤ እኔ ዝናም ባልዘነበ ቀን ውሃ አመላለስሁ፤ ትኬት ቆራጩም ድንጋዩ ጠማማ ሲሆን ከሩቅ ይጮህ ነበር። እትዬ ማታ ማታ ጭቃ የነካውን ሱሪ ስታጥብ ትነጫነጫለች፤ ወዴት እንደ ሄድን ግን አትጠይቅም፤ እንዳልሰማች ትሆናለች።

በዚያም ወራት የድንበር ጦርነት ተነሣ። ከጎናችን ያለው መቃብር የአንድ የጥርስ ሐኪም ነበረ፤ የምትጠብቀውም ባለቤቱ ናት፤ የወዛች፣ ባለ ነጭ ሻሽ፣ በባሏ መቃብር ላይ ሐረግ ተክላ ሐረጉን እንደ ልጅ የምታቀማጥል። ሠራዊታችን እመት ሐረግ ብሎ ሰየማት። ሐረጉ በዝናሙ በረታና ድንጋያችንን ተሻግሮ ጽጌረዳችንን አነቀ። ጋሼ ቀስ በቀስ ቢቆርጠው ጊዜ፣ እመት ሐረግ ከወዲያ ቆማ አወጀች፦

«ሐረግ ድንበር አያውቅም! እርስዎ ደግሞ ገና ባልሞቱበት መሬት ላይ ምን እንዲህ አጣደፈዎት?»

«እመቤቴ፣ ዛሬ ካልቆረጥሁት፣ ኋላ እግሬ ላይ ሲወጣ ማን ያወርድልኛል?»

በዚህ ነገር ብዙ ቀን ተኳረፉ። ነገር ግን ቧንቧው ሩቅ ነበረ፤ ያውም ሦስቴ አራቴ ሳይስል ውሃ የማይሰጥ ቧንቧ። አንድ ቀን እመት ሐረግ የሞላ ባልዲ ማንሳት አቅቷት ስትቆም ጋሼ ቀስ በቀስ አየና፣ ጠላትነቱን ወደ ጎን አድርጎ ተሸከመላት። ከዚያ ወዲህ ባልዲዋን የሚሸከመው እርሱ ሆነ። በቧንቧው ጠርዝ ተቀምጠው ብዙ ሲያወሩ ከሩቅ አያለሁ፤ ምን እንደሚሉ ግን አልሰማሁም፤ ሐረጉም መቆረጡ አልቀረለትም።

ወእምዝ ክፉ ቀን መጣ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጋሼ ቀስ በቀስ የተንሸራተተ ድንጋይ ሊያቃና ጎንበስ ብሎ ሳለ ወገቡ ተያዘ፤ እንደ «ረ» ፊደል ጎብጦ ቀረ። ሌላ ሰረገላ ስላልነበረን የአፈር መግፊያ ጋሪ ላይ አስቀምጠን ወደ ቤት ገፋነው። ትኬት ቆራጩ ከፊት እየቀደመ፣ በየመንገዱ መገናኛ «ጠጋ በሉ! ሙሉ ነው!» እያለ ይጮህ ነበር፤ ጋሼ ቀስ በቀስም በሥቃይና በሳቅ መካከል ሆኖ ለአላፊ አግዳሚው ባርኔጣውን ያነሣ ነበር።

አልጋ ላይ ዋለ፣ አደረ፣ ሰነበተ። የክረምት መጨረሻ ፀሐይ ሲወጣ አረም እንዴት እንደሚበቅል የማያውቅ የለም። ትኬት ቆራጩ ሴት ልጁ ወልዳ ሊጠይቅ ሄዷል፤ እኔም በዚያ ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ታሪክ ይፍረደኝ። በዚህ መካከል ቀይ ቀለም በነገው ዕለት እንደሚዞር ወሬ መጣ።

ጋሼ ቀስ በቀስ ይህን በሰማ ጊዜ ልነሣ ብሎ ታገለ። አልጋውን ጨብጦ ግማሽ መንገድ ከወጣ በኋላ ወገቡ ቀስፎ መለሰው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እትዬ ሾርባ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አየችው። ሾርባውን አስቀመጠች።

በማግስቱ ማለዳ የልብስ መቁረጫ መቀሷን በወረቀት ጠቅልላ፣ የቤት ልብሷን እንደ ለበሰች፣ የተሸፋፈንሁበትን ብርድ ልብስ ገፈፈችና አወጀች፦

«ተነሥ! ጉንፋን በፀሐይ ይለቃል። ያንን ቦታ አሳየኝ።»

ስንደርስ፣ በቦታችን መካከል አንዲት ባለ ነጭ ሻሽ ሴት ተንበርክካ አረም ትነቅላለች። እትዬ ቆመች፤ ቅንድቧም ከፍ አለ።

«እናቴ፣ በባሌ መቃብር ላይ ምን ያደርጋሉ?»

እመት ሐረግ ቀና ብላ አየቻት፤ ጉልበቷን እያሸች ተነሣች። «አንቺ ነሽ እንዴ ልብስ ሰፊዋ? ባልሽ የኔን ባልዲ ሲሸከም ከረመ። ሲጠፋብኝ ምን አገኘው ብዬ፣ ቀይ ቀለምም ዛሬ ነው ሲሉ፣ እጄን አጣጥፌ ልይ?» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔ ባሌ የሞተ ዕለት፣ በዚያ ቢሮ፣ በዚያ በታሰረ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሙን ለየጸሐፊው ስደጋግም ነው የዋልኩት። አስከሬኑ ቤት ነበር፤ እኔ ቢሮ ነበርኩ። ይህን ለባልሽ ብነግረው ምን አለኝ? ‹የኔዋ እዚያ ወንበር ላይ አትቀመጥም። ያን ቀን ሥራዋ ማልቀስ ብቻ ይሁን› አለኝ። ላንቺ አልነገረሽም?»

እትዬ ከእመት ሐረግ ጎን ቀረበች። መቀሷን ከወረቀቱ ፈትታ ተንበረከከችና ሣሩን እንደ ቀሚስ ጠርዝ በልክ ቆረጠችው፤ ከጫፍ ጫፍ፣ አንድም ሳይዛነፍ። ጸሐፍተ ዜና መዋዕል የማይጽፉትን አንድ ነገር ግን እጽፋለሁ፤ በእጅጌዋ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት፤ እንዳየኋትም ስታይ በአቧራው አሳበበች። ሁለቱ ሴቶች በሐረጉ ጉዳይም ውል አሰሩ፦ እስከ ጽጌረዳው ይመጣል፣ ከዚያ ካለፈ በመቀስ ይዳኛል።

ቀይ ቀለም ቆርቆሮውን ይዞ መጣ። ዞረ። ጎንበስ ብሎ አየ። ድጋሚ ዞረ።

«ይሄ ሣር በምንድን ነው የተቆረጠው?»

«በልብስ መቀስ» አለች እትዬ፣ ወገቧን ይዛ። «ምነው፣ ጠማማ አገኙበት?»

ቀይ ቀለም የቆርቆሮውን ክዳን ተጭኖ ዘጋና ወደሚቀጥለው አለፈ። ይህም በዘመኑ ያልታየ ነገር ነው።

ወእምዝ እትዬ ወደ ቤት ተመለሰች። ጉልበቷ ጭቃ እንደ ያዘ መኝታ ቤት ገብታ ከአልጋው ግርጌ ቆመች፤ እርሱም በፍርሃት ያያት ነበር። የዘመቻውን ታላቅ አዋጅ ያወጀችው በዚያ ነው፦

«አየሁት። በዛፉ በኩል ያለው፣ ጥላው፣ የኔ ነው። አንተ ፀሐዩ ጋ ትሆናለህ፤ ለወገብህ ይሻልሃል።»

ጋሼ ቀስ በቀስ፣ ያንን ጥላ በጀርባው ተኝቶ የመረጠው ኃያል፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም ከአዋጅ ሁሉ አጭሩን «እሺ» አለ። መሳቅ ጀመረ፤ ወገቡን ይዞ «ኧረ አታስቂኝ!» እያለ ሳቀ። እትዬም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አብራው ሳቀች። እኔ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ፣ አየሩ ደህና በሆነ ቁጥር፣ ሻይ በፔርሙስ፣ እንቁላል ቀቅለው፣ ዳቦ ቆርሰው በገዛ መሬታቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ እመት ሐረግም ስለ ሰው ጥርስ ታወራላቸዋለች፤ የመቃብሩ ዘበኛ እስኪቆጣ ይስቃሉ።

እንግዲህ ውዳሴውን ስሙ። ምድር ብዙ ጌቶችን አይታለች፤ በጦር የያዟትን፣ በጉልበት ያረሷትን፣ በአጥር ያጠሯትን ሁሉ ዋጠቻቸው። ይህ ግን ለሚወዳት ብሎ ያዛት፣ ለሚወዳትም ጥላዋን ለቀቀላት፤ ከአሸናፊዎች ማን ይህን አደረገ? ብዙኀ ትዕግሥት፣ መፍቀሬ ብእሲቱ፣ ጋሼ ቀስ በቀስ ዕድሜው ይርዘም፤ እትዬም ከእርሱ ጋር። ምድሪቱ ትጠብቅ፤ ባዶዋን ትክረም፣ ባዶዋን ትባጅ። ዛሬ ጌታዋን አትጥራው፤ ጊዜ የለውም፤ እመቤቲቱ የምትቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ሊያማርጥ ገበያ ይዛው ወርዳለች።