በርበሬዎቹ ያሰጡኝ ቀን

ትናንት፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ሕልም አየሁ። ማየት አልነበረብኝም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። ባለቤቴ ልክነሽ ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ፣ በጓሯችን ያበቀልነውን በርበሬ ግቢው መሐል ሰሌን ላይ አስጥታ፣ "የዓመት ወጣችን ይሄው ነው። ደመና ካየህ ቶሎ አስገባው፤ ሌላ ምንም አላስቸግርህም" አለችኝ። ተናደድኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወረዳ ለወረዳ እየዞርኩ፣ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ እንዳይበላሽ ገበሬውን ያሠለጠንኩ ሰው ነኝ። በርበሬ መጠበቅ ለእኔ ይነገረኛል እንዴ? ይህን እያብሰለሰልኩ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ጋደም አልኩ።

ወዲያው በርበሬዎቹ ተነሡ። አቧራቸውን አራግፈው ዙሪያውን ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ሰሌኑ ላይ የተሰጣነው እኛ ሰዎቹ ሆንን። በግራዬ የድሮ አለቃዬ ከነክራቫቱ ተጋድሟል። ዶሮዎች ዱላ ይዘው ይጠብቁናል። አንድ የራበው ጠበቃ አጎንብሶ ጆሮዬን ሊለቅም ሲል አንዲት ዶሮ "እሽ!" ብላ አባረረችው። ፀሐይ አርፍዳ መጣችና ደመናው መዝገብ አስፈረማት።

አንዲት ወፈር ያለች በርበሬ ቀርባ ሆዴን ጫን ጫን አደረገችኝ።

"ይሄኛው ገና እርጥብ ነው።"

"ስንት ጊዜው ነው?" አለች ጓደኛዋ።

"ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመቱ።"

"እስካሁን ሳይደርቅ?"

"ጥላ ጥላውን እየፈለገ ነዋ!"

በሆዴ ገለበጡኝ። ጥላ መፈለጌን ከየት እንደሰሙ ገርሞኛል፤ እኔ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወፍጮ ቤት ነበርን። በርበሬዎቹ እኛን በጆንያ ተሸክመው ተሰልፈዋል። አለቃዬ ሲፈጭ ሁሉም አስነጠሳቸው፤ "ወይ ማቃጠሉ!" ብለው አደነቁ። ቀናሁበት። ተራዬ ደረሰና ተፈጨሁ። ማንም አላስነጠሰም። ወፈር ያለችው ከእኔ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ ጣል አደረገች።

"ምን ምን ይላል?"

"ወረቀት ወረቀት ይላል።"

"አያቃጥልም?"

"ጭራሽ!"

"ለዘር እንኳ ብናስቀረውስ?"

"የዚህ ዘር በቅሎ ምን ሊሆን? ሌላ ስብሰባ?"

ይሄ አንጀቴን አሳረረኝ። ዱቄት ሆኜም ቢሆን "የምስክር ወረቀት አለኝ! አሥራ አራት የምስክር ወረቀት!" ብዬ ጮህኩ። "እሱንም አስጡት" አሉ።

እንዴት ተመልሼ ሰሌኑ ላይ እንደተገኘሁ አላውቅም። ብቻ ዝናብ ከመሬት ወደ ላይ ይዘንብ ጀመር። በርበሬዎቹ ሰዎቹን ሁሉ ታቅፈው ወደ በረንዳው ሮጡ። እኔን ማንም አላነሳኝም።

"እኔንስ? ኧረ እኔንስ?"

ወፈር ያለችው በረንዳው ላይ ቆማ፣ "አንተ አሠልጣኝ አይደለህ? ዝናብ ሲመጣ ምን ይደረጋል ብለህ ነበር ያስተማርከው? መልስና እናስገባሃለን" አለችኝ።

"ወዲያውኑ..." አልኩ። "ወዲያውኑ..."

ጠፋኝ። ሺህ ጊዜ የተናገርኩት ነገር ድራሹ ጠፋ። ከበስተኋላዋ በሃያ ሁለት ዓመት ያሠለጠንኳቸው ገበሬዎች በሙሉ እጃቸውን አውጥተው "እኔ ልመልስ! እኔ ልመልስ!" ይላሉ። ሁሉም ያውቁታል። ከእኔ በቀር የማያውቀው የለም። ውኃው ከሥሬ እየገፋ ሲያነሳኝ ባለ በሌለ ኃይሌ "ጥያቄም መልስም በመጨረሻ ላይ ነው!" ብዬ ጮህኩና በገዛ ጩኸቴ ነቃሁ።

ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ነው። ከላዬ ዝናቡ ይደበድባል፣ እኔን ግን ጠብታ አልነካኝም። ፊቴ ላይ ያለውን ነገር ገለጥ ሳደርግ ላስቲክ ሸራ ኖሯል። የአጥር ጎረቤታችን ሸምሲያ ከራስ እስከ እግሯ በስብሳ፣ ሸራው እንዳይነሳ ዙሪያዬን ድንጋይ ትደረድራለች።

"ውይ ጋሼ፣ ነቁ እንዴ? ይተኙ፣ ይተኙ!"

"ሸምሲያ! በርበሬው!"

"አይቼዋለሁ ጋሼ፤ ምን ላድርግ? ያለኝ ሸራ አንድ ነው፣ እሱም ጠባብ። ትልቅ ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ማስደንገጥ ደግሞ ነውር ነው። እርስዎን ላስቀድም ብዬ ነው።"

ምን እላታለሁ? አመሰገንኳት። የዓመት ወጣችን ከሰሌኑ ወርዶ፣ ጎርፉ ላይ ተንሳፎ፣ በግቢው በር ሥር ወደ መንገድ እየወጣ ነበር። ወዲያው ከበሩ ውጭ የልክነሽ ድምፅ ተሰማ።

"ደግፌ! ይሄ ከቤታችን የሚወጣው ምንድን ነው?"

ሸራውን መልሼ ተከናነብኩ።