የሱሪያን ነፃነት ለመጠበቅ የቆመው ኮሚቴ

መልካም ሥራ ተሠርቶ ሳይነገር ሲቀር ነውር ነው። ስለዚህ በዚህች የወደብ ከተማ የሰፈራችን የካርቲየ 6 ሰዎች ለአንዲት ዘፋኝ ነፃነት የተከፈለውን መሥዋዕትነት እንዲያውቁት እጽፋለሁ። የከፈለችው እሷ ናት። የኛ ድርሻ ማስከፈል ነበር።

ሱሪያ የጨርቅ ነጋዴዋ የፈትያ ልጅ ናት። ቀን በነፃ የንግድ ቀጠናው መጋዘን ዕቃ ስትቆጣጠር ትውላለች። ከሥራ ስትመለስ በእናቷ ሱቅ ጓዳ፣ በጨርቅ ጥቅሎች መካከል ተቀምጣ ትዘፍናለች። ጥቅሎቹ የመንገዱን ጩኸት ያፍኑላታል። ግጥሙን ራሷ ትጽፋለች፣ ዜማውን ራሷ ታወጣለች፣ ምቱን በኮምፒውተር ራሷ ትሠራለች፣ ሲያልቅም በስልኳ ራሷ ትለቀዋለች። አሳታሚ የላትም። አዛዥ የላትም። እንዲህ ያለውን ሰው ነፃ ድምፃዊ ይሉታል።

ዘፈኗ የጭፈራ ነው። አምቡሊ ሰፈር በተደረገ ሠርግ ላይ አንድ ሙሽራ አንድ ጫማው ወልቆ በሌላው ሲጨፍር አይቻለሁ። «ሙቀቱ ቢገድለኝ፣ ስጨፍር ይግደለኝ» የሚለውን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ሁሉ የሆነው ማንም ሳይረዳት መሆኑ እኛን እጅግ አሳሰበን።

የምንሰበሰበው በአቶ ከይረዲን መብረዝ ነው። መብረዝ የሚሉት ምንጣፍና ትራስ ያለው የጫት መቃሚያ ክፍል ነው። ከቀትር በኋላ ጫቱ ከኢትዮጵያ ይገባል፤ ከተማው ይዘጋል፤ እኛ እንከፈታለን። ምርቃና በያዘን ሰዓት ያላከናወንነው የልማት ሥራ የለም። የአምቡሊን ደረቅ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አፍስሰናል። ከዚህ እስከ የመን ድልድይ ዘርግተናል። ፀሐይ ስትጠልቅ ምርቃናው ይወርዳል፣ ድልድዩም አብሮ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚናገር የለም። ጫማውን ለይቶ የሚያወጣም ጥቂት ነው።

በዚያ ሰሞን በባሕሩ ዳርቻ የሙዚቃ ምሽት ተዘጋጀ። ሲምቦ የምትባል የመድረክ አዘጋጅ ከድሬዳዋ ትመጣለች፤ ከሚዘፍኑት አንዱን መርጣ ድሬዳዋ ወስዳ ታሠራለች ተባለ። ሱሪያ አንድ ዘፈን ተፈቀደላት። ድምፅ ማጉያ ግን እያንዳንዱ ይዞ ይምጣ ተብሏል። የሰፈራችን ድምፅ ማጉያ የሚቀመጠው አቶ ከይረዲን ቤት ነው፤ ለሠርግና ለሐዘን። ልጅቷ ልትዋስ መጣች። ጥፋቷ የመጣችበት ሰዓት ነው። ምርቃናው አናታችን ላይ ነበር።

«ጋሼ ከይረዲን፣ ለሐሙስ ምሽት ማጉያውን ቢያውሱኝ?»

«ከማን ጋር ነው የምትሠሪው?»

«ብቻዬን።»

የጭነት መኪና ሹፌሩ ደጉ ከትራሱ ቀና አለ። «ብቻዋን! ሰማችሁ? እኛ እዚህ ተጋድመን! የዚች ልጅ ነፃነት አንድ ነገር ቢሆን ማን ይጠየቃል?»

«ምን ይሆናል ጋሽ ደጉ? እኔው እጠብቀዋለሁ።»

«አንቺማ ሥራ አለብሽ። ዘፋኝ ነሽ።»

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። አቶ ከይረዲን ሊቀመንበር ሆኑ። ከወደብ ዕቃ የሚያስለቅቁ ትራንዚተር ናቸውና የተያዘ ነገር ማስለቀቅ ያውቁበታል። ጡረተኛው መምህር ይታገሱ ጸሐፊ ሆነ። «የድምፃዊቷን ነፃነት በተቀናጀ አመራር ለማስጠበቅ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» አለ።

«እኔኮ ድምፅ አልሰጠሁም።»

«ያንቺን ለመድረኩ ቆጥቢው።»

ውሳኔዎቹ በሳል ነበሩ። ዘፈኑ ስለሚፈጥን ሽማግሌ እንዲደርስበት ይዘገይ። መዝለል ለትርጉም ስለሚጋለጥ ወንበር ይቅረብላትና ቁጭ ብላ ትዝፈን። ሞት ያለበት ግጥም የማኅበረሰቡን ገጽታ ስለሚጎዳ «ሙቀቱ ተስማሚ ነው፣ ቁጭ ብዬ ላመስግን» ተብሎ ይሻሻል። ከዘፈኑ በፊት ሊቀመንበሩ ስለ ነፃነቷ ሰፊ ማብራሪያ ይስጡ።

«ኧረ አቦ ጋሼ! ይሄ የኔ ዘፈን አይደለም።»

«ገና ነፃ ስላልወጣሽ ነው» አሉ አቶ ከይረዲን በርኅራኄ። «በውሳኔው ካልተስማማሽ ማጉያው እዚሁ ይቀመጣል።»

ወደ እናቷ ሄደች። እኔ ሱቁ በር ላይ ነበርኩ።

«እምቢ ብለሻቸው ነገ የማን ሚስት ከኔ ጨርቅ ትገዛለች?» አለች ፈትያ። «አንድ ምሽት ቁጭ ብለሽ ብትዘፍኚ ምን ይቀርብሻል?»

«ድሬዳዋ።»

ፈትያ ጨርቁን መጠቅለሏን አላቆመችም። «ለኔ ስትይ» አለች። ሱሪያ እሺ አለች።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ አቶ ከይረዲን ንግግራቸውን በመብረዙ አሰሙን። እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም። ደጉ አለቀሰ። ይታገሱ ግማሹ ለሌላ አገር መሪ ቢሰጥ ጦርነት ይቆም ነበር አለ። ዝግጅቱ የሚጀመረው ግን ከመሸ በኋላ መሆኑን ከመካከላችን ያሰበው አልነበረም። ስናቅድ ሁልጊዜ ቀን ነው።

መሸ። የሱሪያ ተራ ደረሰ። ማጉያው ቆመ፣ ወንበሩ መሐል ተቀመጠ። አቶ ከይረዲን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ወደ ማይክሮፎኑ ቀረቡ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ሲምቦ ከፊት ረድፍ ስልኳን አነሣች።

«እ…» አሉ ሊቀመንበሩ።

ጠበቅን። ባሕሩም የጠበቀ መሰለኝ። ፊታቸውን አየሁት፤ ምርቃናው ወርዶ ባዶ ቤት ሆኗል። ወደኛ ተመለከቱ። ደጉ የገዛ ጫማውን እንደ ባዕድ ጫማ ይመረምር ነበር። የይታገሱ አፍ ተከፍቷል፣ የሚወጣ ነገር ግን የለም። ሊቀመንበሩ ግራና ቀኝ አዩ፣ ወንበሩን አገኙት፣ ሄደው ተቀመጡበት።

ሱሪያ አጠገባቸው ቆመች። ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ ወንበሩ የኔ ነው እኮ።»

መልስ የለም።

«ይነሣሉ ወይስ ልቁም?»

አሁንም የለም። ሱሪያ ፈትያን ፈለገቻት። ፈትያ ከሕዝቡ መካከል ሆና ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ሽማግሌ ከወንበር አይነሣም፣ ልጅ ነው የሚቆም። ይሄ የሥርዓት ጉዳይ ነው። ሱሪያ ከማጉያው ጋር የተያያዘውን ኮምፒውተሯን ነካች፤ የራሷ ዘፈን፣ በራሱ ፍጥነት ወጣ።

«ሙቀቱ ቢገድለኝ!» አለች።

«ስጨፍር ይግደለኝ!» አለ ያ ሁሉ ሰው።

ዘለለች። ሊቀመንበራችንን እየዞረች፣ በራሳቸው ላይ እጇን እያወናጨፈች ጨፈረች። እሳቸው ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። ሕዝቡ ተጠንቶ የተዘጋጀ መስሎት በሳቅና በጩኸት አበደ። ፈትያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ስታስር በዓይኔ አይቻለሁ። ሲምቦ እየሳቀች እንባዋን ትጠርግ ነበር።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሥራውን ገመገመ። ዝምታው አስቀድሞ የተነደፈ ስልት እንደነበር በሙሉ ድምፅ ታመነበት። አቶ ከይረዲን ስለ ዝምታቸው ረጅም ንግግር አደረጉ። ሳይጨርሱ ሱሪያ ገባች።

«ለድሬዳዋ ተመረጥኩ።»

«ኮሚቴው ተመረጠ በይ» አለ ይታገሱ።

«ኮሚቴው አይደለም። ሲምቦ የፈለገችው እኔንና ወንበሩ ላይ ያለውን ሰውዬ ነው። ጋሼ፣ ይመጣሉ?»

አቶ ከይረዲን ትከሻቸውን አሰፉ። «ንግግሬን አሻሽለዋለሁ።»

«ንግግር የለም።»

«አጭር መግቢያ?»

«የለም።»

«ምስጋና ብቻ?»

«ጋሼ፣ መጥተው ይቀመጣሉ፣ እኔ እዘፍናለሁ፣ ሲያልቅ ይነሣሉ። ማጉያውንም እርስዎ ይሸከማሉ።»

ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ተቃውሞ ጠበቅን። አቶ ከይረዲን ትራሳቸውን አስተካከሉ። «ስሜ ማስታወቂያው ላይ ይወጣል?» አሉ።

«በትንሽ ፊደል።»

«እስማማለሁ።»

የድሬዳዋው ባቡር የሚነሣው በጠዋት፣ ጫት ሳይገባ ነው። ሸኘናቸው። ሱሪያ እጇን እያወዛወዘች ከፊት፣ ሊቀመንበራችን ማጉያውን ተሸክመው ከኋላ ሄዱ። የባቡር ጣቢያው በር ላይ ጠባቂው አስቆማቸውና በሶማሊኛ ሥራቸውን ጠየቃቸው።

«ዝም እላለሁ» አሉ።

ጠባቂው የካርቲየ 6 ሰው ነው፤ ያውቃቸዋል። አላመናቸውም።

«እስቲ ያሳዩኝ» አላቸው።

አሳዩት። አሳለፋቸው።