ኦቦ ይግባኝ እና ሱቅ የሌላት ግብር ከፋይ

ቡራዩ ውስጥ ውሃ የማይደርሰው ሰፈር አለ፤ ታክሲ የማይገባበት ሰፈርም አለ። ሞጋች የሌለበት ሰፈር ግን የለም። እግዜር ለየሰፈሩ አንድ አንድ ሞጋች ሲመድብ ለአሸዋ ሜዳ የደረሷት ክቡር ኦቦ ደቻሳ ናቸው። ሰዉ ፊት ለፊት በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ከጀርባቸው ደግሞ በማዕረጋቸው፣ ኦቦ ይግባኝ እያለ።

ማዕረጉ እንዲያው አልተገኘም። ኦቦ ደቻሳ ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ ሰው ናቸው። ፍርድ ቤት ሲሄዱም ሽንኩርት ሲገዙም ያንኑ ቡናማ ኮት ይለብሳሉ፤ ምክንያቱም ለእሳቸው በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም። ባለ ሽንኩርቷ ዋጋ ስትጠራ «ይግባኝ» ይላሉ። የታክሲ ረዳት ሒሳብ ሲጠይቅ «አንቀጹን ንገረኝ» ይላሉ። አንድ ረዳት «አባባ፣ አንቀጽ የሚባል ፌርማታ የለንም» ብሎ መኪናውን ሙሉ አስቋል። እሳቸው ግን ኬላ እስኪደርሱ ስለ ታሪፍ አስረድተው፣ ታሪፉን ከፍለው፣ ረዳቱን መርቀው ወረዱ። የሚከራከራቸውን ሰው ይወዳሉ። የሚጠሉት ዝም ብሎ እሺ የሚለውን ነው።

አንድ ጊዜ ቧንቧቸው ጠብታ ሳይወጣው የውሃ ሒሳብ መጣባቸው። የገፈርሳ ግድብ አፍንጫችን ሥር ተኝቶ፣ ውሃው አዲስ አበባ ሲሄድ እኛ በጄሪካን እንቀዳለን፤ ይሄ ሳያንስ ደግሞ ያልጠጣነውን እንክፈል? አሉ። ከዚያ የቧንቧውን አፍ በመፍቻ ፈትተው፣ ኮታቸው ኪስ ከተው ሄዱና ሒሳብ ሰብሳቢዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ምስክር አምጥቻለሁ፣ አንቺው ጠይቂው አሏት።

የእድሩ ነገርማ አይወራም። ስብሰባ ቀርተዋል ተብለው ሲቀጡ ይግባኝ አሉ። ይግባኙ የሚሰማበት ስብሰባ ሲጠራ፣ ጭቅጭቃቸውን የፈራው አባል ሁሉ ቀረ። ኦቦ ደቻሳ ከሊቀመንበሩ ጋር ሁለት ሆነው ተቀመጡና፣ የቀረው ሁሉ በደንቡ መሠረት ይቀጣልኝ ሲሉ አመለከቱ። ተቀጣ። የእድሩ አዲሱ ድንኳን የተገዛው በዚያ ቅጣት ነው፤ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ባየው ቁጥር ያጉረመርማል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠጅቱ፣ እቤት ውስጥ እኔን መርታት ስላቃታቸው ነው ውጪ የሚበረቱት ይላሉ።

እንግዲህ ሐኒ ቤት የተከራየችው እኚህ ሰውዬ ግቢ ውስጥ ነው። ሐኒ ከደብረ ብርሃን የመጣች፣ ታክሲ ላይ መልስ ቢያስቀሩባት እንኳ «ይሁን» ብላ የምትወርድ ልጅ ናት። ጸጥ ያለ ክፍል ፈልጋ መጥታ ከኦቦ ደቻሳ ጋር ግድግዳ ተጋራች፤ እንቅልፍ ፈልጎ ወፍጮ ቤት አጠገብ እንደ መከራየት ነው። ሥራዋ ላፕቶፕ ላይ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ፣ አይታቸው የማታውቃቸው ሰዎች ለካፌያቸው ወይም ለልብስ ቤታቸው ሎጎ ያዟታል፤ ሠርታ በኢንተርኔት ትልካለች፤ ክፍያው በባንክ ይመጣላታል።

ኦቦ ደቻሳ መጀመሪያ ሰሞን ምን እንደምትሸጥ አጥብቀው ጠየቋት። ምልክት ነው አለች። ከብት ላይ የሚተኮሰው ዓይነት? አሉ። ነገሩን አሰላስላ፣ አዎ፣ የአንዱ ከሌላው እንዳይምታታ ነው ብላ መለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጠያቂ ሁሉ «ተከራዬ የፈረንጅ ከብት ትተኩሳለች» እያሉ በኩራት ያወሩላት ነበር። ነገር የመጣባትም በዚሁ ወሬ ነው።

ዘመኑ ክፉ ነበር። የማስተር ፕላኑ ጉዳይ ከተነሳ ወዲህ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ሰው ተረጋግቶ አልተቀመጠም። መንገድ ይዘጋል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ወጣት ይታፈሳል፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ደግሞ ዳታ ይጠፋል። ዳታ ሲጠፋ ሐኒ ላፕቶፑን አዝላ ዋይፋይ ፍለጋ አዲስ አበባ ትወርዳለች፤ መንገዱም ከተዘጋ ቁጭ ብላ ደንበኛ ሲሸሻት ታስባለች። በዚህ ላይ፣ በ2009 ክረምት መግቢያ፣ የነጋዴውን የቀን ገቢ ለግብር የሚገምቱ ኮሚቴዎች ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ።

ኮሚቴው የከብቱን ወሬ ሰምቶ ወደ ኦቦ ደቻሳ ግቢ የመጣው እሳቸው በሌሉበት ነበር። ሰብሳቢው ሞቱማ የሚባል፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ጎልማሳ ነው። በቀን ስንት ሰው ይገባል ብሎ ጠየቃት። ማንም አይገባም፣ ኦንላይን ነው አለችው። ሰው ካልገባ ገቢው ከየት ይመጣል አላት። በኢንተርኔት አለችው። ጉዳዩ ገባው። ኢንተርኔት ቤት ብሎ ጻፈና ወጣ።

ግምቱ ሲለጠፍ ሐኒ፣ ወንበርና ኮምፒውተር ደርድረው ተማሪ ሲያስተናግዱ ከሚውሉት ኢንተርኔት ቤቶች እኩል ተገምታ አገኘችው። የዓመት ሥራዋን ሁሉ ሰብስባ ብትሰጥ አይበቃም ነበር። ወይ ሥራውን መተው፣ ወይ ዕቃዋን ጠቅልላ መጥፋት ነው። ትንሽ ቢቀንሱልኝ እኮ እከፍላለሁ እያለች ስታለቅስ ኦቦ ደቻሳ ደረሱ። ነገሩን ሲሰሙ ሰርግ የተጠሩ ያህል ፊታቸው በራ። ወዲያው ደግሞ ተቆጡ፤ የተቆጡት በእሷ ነው። ሳይሟገቱ መክፈልን ማን አስተማረሽ አሏት።

ሳምንቱን ሙሉ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ ክርክራቸውን አሰናዱ፤ ሐኒ ወደደችም ጠላችም ተከሳሽም ዳኛም ሆና አዳመጠች። መሬት የመንግሥት ነው ብለው ማሳዬን ወሰዱ፤ እሺ፣ ኢንተርኔትስ የማን ነው? የፈረንጅ ገንዘብ የትኛውን የቡራዩ ኮብልስቶን ረግጦ መጣ? ዳታውን የሚዘጋው መንግሥት፣ በዘጋው በር ስንት ገባ ብሎ እንዴት ይጠይቃል? ድሮ ግብር የሚያስገባ ሰው ግብር ይበላ ነበር፤ ዛሬ መብላቱ ቀርቶ ማስገባቱ ብቻ ተረፈን። ሐኒ በልቧ አንዳንዱ እውነት ነው ትልና፣ ይሄ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ጮክ ተብሎ የሚነገር እንዳልሆነ ስታስብ አጥሩን አሻግራ ታያለች።

ቅሬታ በሚሰማበት ቀን የገቢዎች ጽሕፈት ቤቱ ግቢ በነጋዴ ተሞልቶ ነበር። ዝናቡ ያካፋል፤ ሰዉ ይጯጯሃል፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ተራቸው ሲደርስ ሞቱማ ባለጉዳይዋ ብቻ ትግባ አለ። ኦቦ ደቻሳ ጠበቃዋ ነኝ አሉ። ፈቃድ ተጠየቁ፤ የላቸውም። ቤተሰብ ከሆነ ይገባል ሲባል ሐኒ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ደፍራ የማታውቅ ልጅ፣ አንዴ አመለጣትና «አባቴ ናቸው» አለች።

«አይደለሁም» አሉ ኦቦ ደቻሳ። «አከራይዋ ነኝ። መንግሥት ቤት ውስጥ በሐሰት አልመሰክርም።»

ተባረሩ። ዞረው መስኮቱ ሥር ቆሙ።

ሐኒ ብቻዋን ቀረች። ሥራዋን ለማሳየት ላፕቶፑን ከፈተች፤ ኔትወርክ የለም። ደንበኞቿ የት እንዳሉ ስትጠየቅ በእጇ ወደ ውጪ አመለከተች፤ ሁሉም በመስኮቱ ቢመለከቱ የሚታዩት ኦቦ ደቻሳ ብቻ ነበሩ። ከኮሚቴው አንዷ፣ ደመቀች የምትባለው፣ ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች። ሞቱማ ደክሞታል፤ ውጪ ገና ስንት ሰው አለ። ሱቅ የለም፣ ዕቃ የለም፣ የሚገባ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሥራም የለም አለ። ሥራ ፈት ብለን እንሰርዘው፣ ምንም አትከፍዪም፣ ሂጂ አላት። ሐኒ ጆሮዋን አላመነችም። አመስግና ላፕቶፑን ልትዘጋ ስትል ከመስኮቱ «ይግባኝ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሞቱማ ግራ ገባው። «ኦቦ ደቻሳ፣ እኮ ተለቀቀች። ረታችሁ።»

ኦቦ ደቻሳ ፖሊሱን አልፈው ገቡ። ኮታቸው ረጥቧል። ድምፃቸው ግን ሽንኩርት ሲከራከሩ እንደሚያሰሙት አልነበረም፤ ዝቅ ብሏል፤ ሐኒ የፈራችውም ለዚያ ነው።

«ወደ ገፈርሳ ማሳ ነበረኝ» አሉ። «ካሳ ሊገምቱ የመጡ ቀን ገብሱ ወገብ ይደርስ ነበር። ገብሱ ውስጥ ቆመው ባዶ ቦታ ብለው ጻፉ። ለባዶ ቦታ ካሳ የለም ተባልኩ። ዞን ድረስ ተሟገትኩ፤ የተጻፈው ገብሴን በላው። አሁን ይቺ ልጅ ስትሠራ በግድግዳ እሰማታለሁ። እናንተ ሥራ የለም ትሉና ነገ ቤቱን ስታፈርሱ ሰው አልነበረበትም ትላላችሁ። አይሆንም። ሠራተኛ ብላችሁ ጻፉ፤ ልክ ልኩን ትክፈል።»

ሐኒ በዚያች ደቂቃ ብታንቃቸው ደስ ይላት ነበር። ነፃ የወጣችውን ልጅ መልሰው ሊያስገቧት ነው። ፖሊሱ አንድ እርምጃ ቀረበ። ሞቱማ እንዳይቆጣ የሚታገል ሰው ይመስል ቀስ ብሎ፣ እሷ ካልከፋት እርስዎ ምን አገባዎት፣ ለመሆኑ ምኗ ነዎት ሲል ጠየቀ።

ኦቦ ደቻሳ ሐኒን አዩ፤ ፖሊሱን አዩ። «አባቷ ነኝ» አሉ።

ደመቀች አሁን አልሳቀችም። ሞቱማ፣ ቅድም አይደለሁም ሲሉ በጆሮው የሰማው ሞቱማ፣ መታወቂያዋን አገላብጦ ገብረየስ የሚለውን የአባት ስም አየና መለሰላት። ከዚያ የለጠፈውን ሰርዞ በትንሹ ደረጃ፣ ምልክት ሠሪ ብሎ አስገባት። ግብሩ ሐኒ እያማረረች ልትከፍለው የምትችለው ያህል ሆነ። በዚያ ክረምት ነፃ ነሽ ከተባለ በኋላ ጠበቃው ተሟግቶ ግብር ያስጣለበት ባለጉዳይ ቢኖር እሷ ብቻ ናት።

ወደ ቤት በጭቃው ሲሄዱ ሐኒ ቀድማቸው ፈጠን ፈጠን ትል ነበር። ኮሚቴው ሥራዋን በስሙ ሲጠራው መስማቷ ደስ እንዳላት ቢታወቃትም ንዴቱ ገና አልበረደላትም። ኦቦ ደቻሳ የረጠበ ኮታቸውን እያራገፉ ከኋላ ይከተላሉ። ሲቆዩ «ዋሸሁ» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ ችሎት ፊት ዋሸሁ።»

«አልዋሹም» አለች ሐኒ።

ይሄንን መፍቀድ አልቻሉም። አባትሽ ገብረየስ ነው፣ ደብረ ብርሃን በሕይወት አለ፣ በየሳምንቱ ይደውልልሻል ብለው ጀመሩ። ሐኒ ሁለት አባት የሚከለክለውን አንቀጽ ይንገሩኝ አለች። ኦቦ ደቻሳ ቆም አሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከእሷ አልጠበቁም። ጠዋት ጠዋት «ኢንተላ ኮ፣ አከም ቡልቴ?» እያሉ እንዴት አደርሽ የሚሉኝስ? ኢንተላ ኮ ልጄ ማለት አይደለም? አለች። እሱ አነጋገር ነው፣ ለማንም ልጅ ይባላል አሉ። እኔ አከራይ ነኝ፣ አንቺ ተከራይ፣ ውሉ ይሄ ነው፣ በዚህ በታወቀ ነገር ላይ ክርክር አያስፈልግም አሉ፤ ኦቦ ደቻሳ ክርክር አያስፈልግም ሲሉ የሰማ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ሐኒ አልተወቻቸውም። በእነዚህ ክፉ ዓመታት ሰው ከየት ነሽ፣ የማን ወገን ነሽ እየተባባለ በጎሪጥ ሲተያይ፣ እሳቸው የተከራከሯት ስለ አምፖል፣ ስለ በር መዝጊያና ስለ ፈረንጅ ከብት ብቻ ነበር። ትወዳቸው ነበር፤ እንደምትወዳቸው ያወቀችው ግን እዚያ ጭቃ ላይ፣ ስትሟገታቸው ነው።

«አከራይ ቢሆኑ» አለች በሩ ጋ ሲደርሱ፣ «መስከረም በጠባ ቁጥር ኪራይ ይጨምሩብኝ ነበር። የሰፈሩ አከራይ ሁሉ ጨምሯል። እርስዎ አንድ ቀን ጨምረው ያውቃሉ?»

ኦቦ ደቻሳ አንቀጽ ፈለጉ፤ ጠፋባቸው። ጨምሬብሻለሁ የሚሉት አንድ ብር እንኳ አልነበረም፤ ልጨምር ቢሉም ወይዘሮ ጠጅቱ አይፈቅዱም። በሩን ገፋ አድርገው ከፈቱላትና፣ ሲረቱ የሚያደርጉትን ስለማያውቁ፣ ዝናብ አይምታሽ፣ ግቢ አሏት።