ማቆሚያ የሌላቸው መምህር ሊያው

መንግሥት መምህርን ጡረታ ያወጣል፤ የመምህርን ምላስ ጡረታ ያወጣ መንግሥት ግን እስካሁን አልተነሣም። በየሰፈሩ አንድ አለ። ጥቁር ሰሌዳውን ሲቀሙት ዓለምን ሁሉ ሰሌዳ ያደርጋታል። ተማሪ ሲያጣ ጎረቤቱን ያስተምራል፣ ጎረቤቱ ሲሸሸው የጎረቤቱን ድመት። ታይናን ከተማ ውስጥ፣ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንደር ይህ መቅሠፍት የወረደው በክቡር መምህር ሊያው አምሳል ነው። ሌላው ጡረተኛ ስለ ምርጫ ይጨቀጭቃል፣ ስለ ጉልበቱ ያማርራል። እሳቸው ሥነ ሕይወት ነበር የሚያስተምሩት፤ ስለዚህ መንደሩ በዲኤንኤ አለቀ።

የዚህን መከራ ልክ ከሹ-ዬ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የማህጆንግ ጠረጴዛው ያለው በእሷ ቤት ነውና። ማህጆንግ ደግሞ በተቀረጹ ጠጠሮች የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ አራት ሰው ይፈልጋል። እሷ አለች፣ ጡረተኛው አውቶቡስ ነጂ አቶ ፋንግ አለ፣ የቁርስ ቤቷ አ-ሉዋን አለች። አራተኛ ሰው ቢገኝ ኖሮ፣ ትላለች ሹ-ዬ፣ መምህሩን ከበር መልሳ ድመቷን ታስቀምጥ ነበር።

ጠጠሮቹ ላይ ከተቀረጹት መካከል አራቱ ነፋሳት አሉ፦ ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ምዕራብ፣ ሰሜን። ሌላው ሰው በእነዚህ ይጫወታል። መምህሩ ግን አንዷን በሁለት ጣታቸው ያነሡና ዓይናቸው ይበራል።

«የሰው መጽሐፍ እኮ ከዳር እስከ ዳር በአራት ፊደል ብቻ ነው የተጻፈው! ዓይኑም፣ ጥፍሩም፣ የአቶ ፋንግ አፍንጫም።»

«አፍንጫዬን ይተዉልኝ» ይላል ፋንግ። «ጠጠርዎን ይጣሉ፣ መምህር፤ ልንሸብት ነው።»

አንድ ቀን ጭራሽ መምህሩ በግንባራቸው የተደፉትን፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተደራረቡትን ጠጠሮች እያገላበጡ ሲያዩ ተያዙ። ፋንግ ከወንበሩ ተነሥቶ «ሌባ!» ብሎ ጮኸ።

«ምን ሌባ! ላጋባቸው ፈልጌ ነው። ዲኤንኤም እንዲህ ድርብ ነው። ምሥራቅ ሁልጊዜ ከምዕራብ ጋር፣ ሰሜን ሁልጊዜ ከደቡብ ጋር ይገጥማል እንበል። የአንዱን ጎን ካወቅህ የሌላውን ታውቃለህ። ለዚህ ነው ሲገለበጥ እምብዛም የማይሳሳተው።»

«እርስዎም ሁለቱንም ጎን ስላወቁ ነው ያበገኑን» አለና ፋንግ ጨዋታውን በመዳፉ በተነው።

አ-ሉዋን ቤት ደግሞ ባሰ። እዚያ የምግቡ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ በላተኛ የሚፈልገውን በቁራጭ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጎ ይሰጣታል። መምህሩ የጧቱን ወረፋ ከኋላቸው አቁመው፦

«የግድግዳው ዝርዝር ወደ መጥበሻው ይሄዳል?»

«ምን ሊሠራ? ዘይት እንዲጠጣ?»

«ታዲያ ምን ይሄዳል?»

«ወረቀቷ ናታ! ኧረ መምህር፣ ሰው ሥራ ይረፍድበታል!»

«ይኸውልሽ! ዲኤንኤም ከሴሉ እምብርት አይወጣም፤ ውድ ነዋ። ቅጂው ነው የሚወጣው። ወጥ ቤቱ ቅጂውን ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ያነብባል፣ ለእያንዳንዷ ሦስት ፊደል አንድ አንድ ጡብ ያቀብላል። ጡቡ በጡብ ላይ ሲቀጠል ምን ይሆናል?»

«ከሰል» አለች አ-ሉዋን። የእንቁላል ቂጣው አርሮ ነበር። ለነገሩ መልሱ ፕሮቲን ነበር።

ከሁሉ የከፋው የቆሻሻ መኪናው ቀን ነው። መኪናው ሙዚቃውን እያሰማ ይመጣል፣ ሰው ከረጢቱን አንጠልጥሎ ይጠብቃል፣ መኪናው ግን ማንንም አይጠብቅም። መምህሩ ያን ሁሉ ሰው በአንድ ላይ ቆሞ ሲያዩ ክፍል የገቡ መሰላቸው። በአራቱ ፊደል ስድሳ አራት ዓይነት ሦስትዮሽ ይሠራል አሉ። ከእነዚያ ሦስቱ ጡብ አያመጡም፤ ትርጉማቸው «በቃ» ነው። ወጥ ቤቱ «በቃ» ላይ ሲደርስ ሥራውን ፈጸመ ማለት ነው፤ ፕሮቲኑን ይለቅቀዋል። አንዱ ቀለደ፣ አንዷ ተከራከረች፣ መምህሩ መለሱ፣ የመለሱትን ደግሞ አብራሩ። ዘወር ቢሉ ሙዚቃው በሩቁ፣ ከማዶ ሰፈር ይሰማል። ሰው ሁሉ የገማ ከረጢቱን ይዞ ቀረ።

«ሰማይ እርስዎን ሲጽፍ» አለ ፋንግ «በቃ የምትለዋን ዘልሏታል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ ሁሉ «ማቆሚያ የሌላቸው» ይላቸው ጀመር። ፊት ለፊትም ጭምር። እሳቸው ግን «በሳይንስ የተደገፈ ስድብ!» ብለው ተደሰቱ።

በዚህ መሃል የሹ-ዬ ምራት ሩ-ዪን አረገዘች። ሹ-ዬ ወሬውን ለመንደሩ ነግራ ሳትጨርስ ሌላ ወሬ መጣ። የሩ-ዪን ደም ሲመረመር ቀይ የደም ሴሎቿ ከልክ በታች ትንንሽ ሆነው ተገኙ፤ ታላሴሚያ የሚባለውን በዘር የሚወረስ የደም ችግር ተሸክማለች ተባለ። ሹ-ዬም ለሽንኩርት ገዢው፣ ለዕጣን ሻጩ፣ መስማት ለማይፈልገውም ጭምር አወጀች።

«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም! ሟቹ ባለቤቴ ደም በመለገስ ሜዳሊያ የተሸለመ ሰው ነው።»

እውነቷን ነው። የደም ለጋሾች አውቶቡስ ቤተ መቅደሱ አደባባይ በመጣ ቁጥር ሰውየው እጅጌውን ሰብስቦ ይገባ ነበር። እሷም ትከተለው ነበር፤ ግን ነርሷ ጣቷን ወጋ አድርጋ ደሟን ታይና «ደምዎ አነስ ብሏል» ብላ ትመልሳታለች። «ቁርስ ሳልበላ ወጥቼ ነው» ትላለች ሹ-ዬ። በመጣ ቁጥር ትመለሳለች፤ ቁርስ ያልበላችበት ቀን ብዛቱ!

ከዚያ የልጇ የቦ-ጀን ውጤት መጣ። እሱም ያው። «ማሽናቸው ተበላሽቶ ነው» አለችና ለማንም ሳትነግር ማህጆንግ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። ጠጠር ብትጥልም ልቧ እዚያ አልነበረም። ሁለቱም ከተሸከሙ ለሕፃኑ አደጋ እንዳለው ሐኪሙ ነግሯቸዋል።

ሩ-ዪን የተቆራረጠ ዘይቶን በሳሕን ይዛ ገባች። ዓይኗ አብጧል። ሳሕኑን አስቀመጠች፣ አልሄደችም።

«መምህር» አለች «ቦ-ጀንም አለበት ተባለ። ሐኪሙ ብዙ ነገር ተናገረ፣ አልገባኝም። ጥፋቱ የኔ ነው?»

ፋንግ ጠጠሩን በእጁ እንደያዘ ቀረ። በዚያች መንደር መምህሩን በገዛ ፈቃዱ ጥያቄ የጠየቀ ሰው የመጀመሪያው ይህ ነበር።

«ጥፋት የሚባል ነገር የለም፣ ልጄ» አሉ መምህሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጠጠሮችን ሦስት ሦስት እያደረጉ ደረደሩ። «ደምን ቀይ ለሚያደርገው ፕሮቲን መመሪያው ይኸው ነው እንበል። እዚህ ጋ፣ ገና ከጅምሩ፣ አንዲት ፊደል ተለወጠች። ሦስትዮሹም ጡብ አምጣ ማለቱ ቀርቶ በቃ የሚል ሆነ። ወጥ ቤቱ ሳይጨርስ ቆመ። ግን ሁላችንም ሁለት ሁለት መመሪያ ነው ያለን፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዱ ደህና ከሆነ ሰውየው በደህናው ይኖራል፤ ገርጣ ይል ይሆናል እንጂ። አንቺ እንደዚያ ነሽ። ቦ-ጀንም እንደዚያው።»

«የኔ ልጅ ከየት አባቱ ያመጣዋል!» ጮኸች ሹ-ዬ። «ይንገሩኛ! ሁሉን ያውቁ የለ!»

«ከሁለት አንዱ ነዋ፣ እትዬ ሹ-ዬ። ከእናት ወይ ከአባት። አባቱ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ደም ሲለግሱ...»

መምህር ሊያው ቆሙ።

ሙሉ በሙሉ ቆሙ። አፋቸው ተከፍቶ ነበር፣ ዘጉት። የያዟትን ጠጠር በግንባሯ ደፉና «ሻይ ይኖራል?» አሉ። ፋንግ የተበላሸ ሬዲዮ እንደሚያይ ሰው አተኩሮ አያቸው። አ-ሉዋን ዘይቶን ጎረሰች፣ ማኘክ ግን ፈራች።

ሹ-ዬ ቀሪውን ዓረፍተ ነገር ለራሷ ጨረሰችው። አውቶቡሱ መጣባት፣ የነርሷ መርፌ መጣባት፣ የበላችው ቁርስ ሁሉ መጣባት። በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ እሷ የምትመለስበትን ያን የአውቶቡስ ደጃፍ ያውቁታል፤ መምህሩም ከኋላዋ ወረፋ ይዘው ስንቴ አይተዋል። ይህ ሰው ለእንቁላል ቂጣ ያላዘነ፣ ለቆሻሻ መኪና ያልራራ፣ ለእሷ ሲል አንድ ዓረፍተ ነገር ውጧል። ለመናደድ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

«አባቱማ ይለግስ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ከደጃፍ የሚመልሱት እኔን ነው። ከእኔ ነው፣ ሩ-ዪን። ነይ ተቀመጪ፣ ልጄ። ይሄን ሳሕን ማን ተሸከሚ አለሽ?» ወንበሯን ለቀቀችላት። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረች። «ሕፃኑስ? ይቀጥሉ። በሰው ቋንቋ ግን።»

መምህሩ አራት ጠጠር አነሡ፣ ከእናት ሁለት፣ ከአባት ሁለት። ደህናና ደህና ሊገናኝ ይችላል። ደህናና የተበላሸ በሁለት መንገድ ሊገናኝ ይችላል። ሁለቱም የተበላሸ ከሆነ ግን ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ደም እየተሰጠው ይኖራል። «ከአራት አንድ ዕድል ነው። የፅንሱ ምርመራ ይነግረናል» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ውጤቱ እስኪመጣ ማንም ጠጠር አልነካም። መጣ። ሩ-ዪን በሩ ላይ ቆማ እየሳቀች ታለቅሳለች።

«አንዱ ደህና፣ አንዱ የተበላሸ። እንደ እኛው። እንደ እርስዎ፣ እማማ።»

«እንደ እኔ?» አለች ሹ-ዬ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «እንግዲያ በጩኸት የሚችለው የለም!»

ልጅቷ ተወልዳ ወር ሲሞላት፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ቀይ የተቀቡ እንቁላሎችና የዘይት ሩዝ ለመንደሩ ሁሉ ታደለ። መምህሩ ሕፃኗን አንድ ጊዜ አዩና አልቻሉም፦ «ይችን ጆሮ ተመልከቱ! በዚህች ጆሮ ሴል ውስጥ የዓይኗም መመሪያ አለ፣ የጉበቷም አለ፣ ግን ገጹ አይከፈትም። ለምን አይከፈትም?»

ያን ጊዜ የቆሻሻ መኪናው ሙዚቃ ከመንገዱ ጫፍ ተሰማ። ሰው ሁሉ ተነሣ። ፋንግ ሁለት ከረጢት አንጠልጥሎ ሹልክ ሊል ሲል ሹ-ዬ፣ የልጅ ልጇን በአንድ ክንዷ እንዳቀፈች፣ በሌላው እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው።

«ቁጭ በል! መምህሩ አልጨረሱም።»